ጋሽ ደቻሳና አንድ ጉንጭ ውሃ

የጋሽ ደቻሳን ማረፍ የሰማሁት ጥርስ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተጋድሜ፣ አፌ ጥጥ ተጠቅጥቆበት ነው። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ግን ወሬ ይወዳል። «ይቅርታ እናቴ፣ ያስጠበቅኩዎት ቀብር ሄጄ ነው። ወለንጪቲ። ደቻሳ የሚባሉ የጥንት አስተማሪ ነበሩ፣ የአባቴ ጎረቤት» አለኝ መርፌውን እያዘጋጀ። ልናገር ብል በየት በኩል! «እ! እ!» አልኩ። ያመመኝ መስሎት ማደንዘዣ ጨመረልኝ። እንባዬ ሲወርድ ደግሞ «አይዞዎት፣ አሁን ያልቃል» ይለኛል። ጥርሴን ተነቅዬ ስወጣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ነበር፤ እስከ ቤቴ ድረስ በቀረው ግማሽ አለቀስኩ።

እድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፣ እሱ አይደለም ያስለቀሰኝ። ሳልቀብራቸው መቅረቴ ነው። በማግስቱ ልቅሶ ስደርስ ሰዉ ሁሉ «ደግ ሰው ነበሩ፣ ደግ ሰው ነበሩ» ይላል። ኧረ ተዉኝ! ደግማ ስንት አለ። እኔ የማውቃቸው ጋሽ ደቻሳ ከደግነታቸው በፊት አናዳጅ ነበሩ። እንደሳቸው ያናደደኝ ሰው የለም፤ እንደሳቸው ሰው ያደረገኝም የለም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። አዳማን ገና ናዝሬት እያልን የምንጠራበት ዘመን። እኔ ሞጆ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ፣ በሰርተፊኬት የወጣሁ፣ ጉረኛ ልጅ ነበርኩ። ናዝሬት ውስጥ ደግሞ ፔዳጎጂ ማዕከል የሚባል ነበር፤ ለአውራጃው ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ መሣሪያ የሚሠራበት፣ የትምህርት ዝግጅት ተጽፎ፣ በማባዣ ተባዝቶ ለየመምህሩ የሚበተንበት። ጋሽ ደቻሳ የዚያ ኃላፊ ናቸው። ኃላፊ ስላቸው ጠረጴዛ ያላቸው እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ሙጫና ካርቶን ተቆልሎ እሳቸው የሚቀመጡት የአንደኛ ክፍል ልጆች አግዳሚ ላይ ነው። ያን የሚያህል ረጅም ሰውዬ ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጥቶ! «ጋሼ፣ ወንበር ላምጣልዎት» ስንል «ተዉኝ፣ ከዚህ ነው የሚታየው» ይላሉ።

ከየቡና ቤቱ ቆርኪ አስለቅመው መቁጠሪያ ያስደርጋሉ። በወተት ጣሳ ሚዛን ይሠራሉ። ግቢው ውስጥ የስምጥ ሸለቆን ከነሐይቆቹ በጭቃ ሠርተው፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይፈርስባቸዋል፤ እንደገና ይሠሩታል። የቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ያለውን ሙቀት ናዝሬትን የሚያውቅ ያውቀዋል። እሳቸው ኮታቸውን አያወልቁም። ላባቸውን በጠመኔ በነጣ እጃቸው ሲጠርጉ ግንባራቸው ላይ ነጭ መስመር ይቀራል፤ ያንን ይዘው ናዝሬት ገበያ ሲዞሩ ይውላሉ።

አንድ አነጋገር ነበራቸው። መምህር አዲስ ዘዴ ፈጠርኩ ብሎ እየበረረ ሲመጣ፣ እስኪጨርስ በትዕግሥት ይሰሙታል። «እንዲህ አድርጌ አሳያቸዋለሁ፣ እንዲህ ብዬ እቀልድላቸዋለሁ፣ ካልገባቸው እንዲህ አድርጌ እደግምላቸዋለሁ» ይላል ሰውዬው። ጋሽ ደቻሳ ጠመኔያቸውን በጣታቸው እያሹ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላሉ። ከዚያ «አንተ ከሌለህስ?» አለቀ። ሰውዬው ክው ይላል። ስንቱ ተናዶ ወጥቷል መሰላችሁ!

ስለ ስብሰባው ሳልነግራችሁ አላልፍም። ያኔ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ በተራ ተነስቶ ድክመቱን ይናገራል። መቼም የሚናገረው ያው ነው፤ «ጊዜ አለማክበር ይታይብኛል፣ ለወደፊቱ አርማለሁ።» ሁለተኛውም ጊዜ አለማክበር፣ ሦስተኛውም ጊዜ አለማክበር። የጋሽ ደቻሳ ተራ ደረሰ። ተነሱ። «የኔ ድክመት ሥዕል ነው» አሉ። «በሬ ስስል ውሻ ይሆናል። ባለፈው በበተንኩት ወረቀት ላይ ልጆቹ በሬውን ‹ው› በሚለው ፊደል ሥር አስገብተውታል። መሳል የሚችል ካለ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ነኝ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ካድሬ ይሳቅ ይቆጣ ጨነቀው። ከስብሰባው በኋላ ግን አንድ ሰው እውነትም መጣ፤ ግርማ የሚባል የናዝሬት መምህር፣ ባለ ዲፕሎማ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሠዓሊ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬው በሬ ሆነ።

እንዲህ ያሉት ሰው ጡረታ ሊወጡ ነው ተባለ። ማስታወቂያ ተለጠፈ። የፈተና ወረቀት ላባዛ ከሞጆ መጥቼ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ አነበብኩት። የሥራው መጠሪያ፦ የትምህርት ዝግጅት ባለሙያ። ተፈላጊ ችሎታ፦ ዲፕሎማ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ያንን ሥራ ፈለግኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ነገር እንደዚያ የፈለግኩ አይመስለኝም። ግን ዲፕሎማ የለኝም። «አይሆንም» ብዬ ልሄድ ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ከሳሹም ዳኛውም አንቺ ሆነሽ ጨረስሽው?»

ጋሽ ደቻሳ ናቸው።

«ዲፕሎማ ይላል ጋሼ። እኔ የለኝም።»

«ማንበብ እችላለሁ። ‹ወይም› ይላል እኮ። የሌለሽን አወቅሽ። ያለሽስ?»

ጉራዬ መጣ። «ጎበዝ አስተማሪ ነኝ» አልኳቸው። «ሞጆ ይጠይቁ። እኔ ክፍል ሳይገባው የሚወጣ ልጅ የለም።»

«እሱን ሰምቻለሁ፤ ጎበዝ ነሽ» አሉ። ደስ አለኝ። «አንድ ልጅ እንዳልገባው በምን ታውቂያለሽ ታዱ?»

«ዓይኑን አይቼ ነዋ!»

«ዓይኑን የማታይው ልጅስ? እዚህ ተቀምጠሽ የጻፍሽውን፣ አይተሽው የማታውቂ መምህር፣ ወለንጪቲ ማዶ ሲያስተምርበት? አንቺ ከሌለሽስ?»

ደሜ ፈላ። ለሌላው ሲሉት እስቅ የነበርኩት ሴትዮ፣ ለእኔ ሲሆን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። «እንግዲያው አልችልም ማለትዎ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ! አንቺም አታውቂም። ማስተማር አንድ ሥራ ነው፣ ይሄ ሌላ ሥራ ነው። ይሄኛውን ሞክረሽው አታውቂም። ሞክሪና ለራስሽ ንገሪው። አንድ ትምህርት ጻፊ። ግርማም አመልካች ነው። ያንቺን እሱ ያስተምራል፣ የሱን አንቺ። ውሃውን ታውቂዋለሽ።»

ውሃውን ማን የማያውቅ አለ! ማዕከሉ ውስጥ ወረቀት ሳይበተን ይሞከራል። ጸሐፊው ክፍሉ ውስጥ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሌላ መምህር በወረቀቱ ያስተምራል፤ ከወረቀቱ ውጪ አንዲት ቃል መጨመር ክልክል ነው። ጸሐፊው ደግሞ አንድ ጉንጭ ውሃ አፉ ውስጥ ይይዛል። መዋጥም መትፋትም የለም፣ ደወሉ እስኪደወል። ጋሽ ደቻሳ ይህን ያመጡት መምህራንን ዝም ማሰኘት ቢያቅታቸው ነው። «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» እያለ ሁሉም ከኋላ ይጮሃላ! «ለመናገር አፍህን የበላህ ቦታ ላይ ምልክት አድርግ፤ ወረቀትህ የጎደለው እዚያ ነው» ይሉ ነበር።

የኔ ትምህርት አራቱ አቅጣጫዎች ነው። ሞጆ ስንቴ አስተምሬዋለሁ፤ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። አሳምሬ ጻፍኩት፣ ቅዳሜ ጠዋት ናዝሬት መጣሁ፣ ውሃዬን ጎርሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጆቹ እኔን እያዩ ይንሾካሾካሉ። ጋሽ ደቻሳ አጠገቤ አግዳሚያቸው ላይ ተጣጥፈዋል። ግርማ ወረቀቴን ይዞ ፊት ቆመ። ሸበላ ነው፣ ድምፁ ያምራል፣ ልጆች ይወዱታል። ልቤ ሞላ።

«ልጆች፣ ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ በሩ አዙሩ!» አለ። እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ልጆቹ ዞሩ። «ፀሐይ የምትወጣው በዚህ በኩል ነው። የዚህ አቅጣጫ ስም ምሥራቅ ይባላል።»

ፊት የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በዚያ በኩልማ የምትገባው ናት።»

«ፀሐይ በወለንጪቲ በኩል ነው የምትወጣው!» አለ ሌላው።

«በሩ ወደ ሞጆ ነው! በሞጆ በኩል ትወጣለች እንዴ?»

ወይ ጉድ! ያኔ ነው የገባኝ። ሞጆ ያለው የኔ ክፍል በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ትመጣለች። ስጽፍ የታየኝ የኔ በር ነው። በዓለም ላይ ያለው የትምህርት ቤት በር ሁሉ እንደኔ በር የተከፈተ መስሎኝ! የናዝሬቱ ክፍል በር ግን ወደ ምዕራብ ነው።

ግርማ ወረቀቱን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ከወረቀቱ ውጪ መናገር አይችልም። ላብ አጠመቀው። «ወረቀቱ... እ... በዚህ በኩል ነው የሚለው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። እኔ ጉንጬ ተነፍቶ እጄን አወናጭፋለሁ፣ በሩን እጠቁማለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ልጅ እኔን አይቶ ከአግዳሚው ሊወድቅ ደረሰ። ጋሽ ደቻሳ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። ቀጥሎ ያለው ደግሞ «ከበሩ ተቃራኒ ምዕራብ መሆኑን ማስረዳት» ይላል። ግርማ ቃሉን ጠብቆ አስረዳ። ያ ሁሉ ልጅ በመጨረሻ ጣቱን ወደ ሞጆ ቀስሮ «ምሥራቅ!» ብሎ ጮኸ። ደወሉ ሲደወል እየሮጥኩ ወጥቼ ውሃውን ተፋሁት፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

ጋሽ ደቻሳ ተከትለውኝ ወጡ። «የናዝሬት በር አዋረደኝ!» አልኳቸው እየተንተከተኩ።

«በሩ ምን አደረገሽ? እሱ እንደቆመ ነው ያለው።»

«ተዉ አይቀልዱብኝ። አልችልም። አላመለክትም፣ ይኸው፣ ጨረስኩ።»

የዚያን ጊዜ ቀልዳቸውን ተዉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔንም አስቀመጡኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ሁሌም በኦሮምኛ ነው። «የማይችል ሰው እኮ ውሃውን የት ላይ ሊተፋው እንደፈለገ አያውቅም። ውጦት ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ጥሩ ነበር ልጆቹ ደነዝ ናቸው ብሎ ይሄዳል። አንቺ ግን በሩ ላይ ልትፈነጂ ነበር፤ አይቼሻለሁ። ዛሬ ስለራስሽ አንድ እውነት አወቅሽ። ስትጽፊ የምታይው የራስሽን ክፍል ነው። ይሄ ዲፕሎማ ከማጣት ይብሳል። ግን ይታረማል። ዲፕሎማም ይገኛል፣ ቆይቶ። በይ ተነሽ፣ ግርማ ተራው ነው።»

የግርማን ትምህርት አስተማርኩ። ስለ ቤት እንስሳት ነው፤ ሥዕሎቹን ብታዩ ላሚቷን ልታልቧት ትደርሳላችሁ። ትምህርቱም አይከፋም፤ ልጆቹ ይከተሉኛል። ግን ግማሽ ላይ ሳንደርስ ግርማ ውሃውን በአንዴ ውጦ ተነሳ። መጥቶ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደ። «ይቅርታ ታዱ፣ አልቻልኩም» አለና የቀረውን ራሱ ጨረሰው። አቤት ሲያምርበት! ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ከዚያ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ግርማ ሲስቅ ቆየ፤ ከዚያ «አላመለክትም» አለኝ።

«ዲፕሎማ እያለህ? አብደሃል?»

«ዲፕሎማው ያስገባኛል፣ ከገባሁ በኋላስ ማን ያወጣኛል? አላየሽኝም እንዴ? እዚያ ወንበር ላይ ታምሜ ነበር። እኔ ልጆቹ ፊት ካልቆምኩ አልኖርም። ሥዕል ከፈለግሽ ግን እስልልሻለሁ።» ሰው ስለራሱ እንዲህ በግልጽ ሲናገር የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ቀናሁበት።

ወረቀቴን እንደገና ጻፍኩት። ጋሽ ደቻሳ አንድ ቃል አላገዙኝም። «ይሄ ጥሩ ነው?» ስላቸው «ልጆቹን ጠይቂ» ይላሉ፤ ሲያበግኑ! በሩን አወጣሁት። «ተማሪዎች፣ ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ፀሐይን ያያችኋት በየት በኩል ነው? ሁላችሁም በእጃችሁ አሳዩኝ» ብዬ ጀመርኩ። ቀኝ እጃቸውን ወደዚያ ዘርግተው ሲቆሙ ፊታቸው ሰሜንን ያያል። ግርማ እጁን የዘረጋ ልጅ ሳለልኝ። ወለንጪቲ ወስደን፣ ሥራ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት አንዲት ፈሪ መምህርት አስተማረችበት። ውሃውን እስከ ደወሉ ያዝኩት። ሞቆ፣ ምራቄ መስሎ። ጋሽ ደቻሳ ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ «ማመልከቻሽን አስገቢ» ከማለት ሌላ ምንም አላሉም።

የቃል ፈተናው አውራጃው ጽሕፈት ቤት ነው። ጋሽ ደቻሳ «አስተማሪዋ ነበርኩ፣ እኔ አልዳኝም» ብለው ኮሚቴው ውስጥ አልገቡም። ሊቀመንበሩ ቀድሞ ወታደር የነበሩ፣ ሲናገሩ መስኮት የሚያንቀጠቅጡ ሰው ናቸው። ሁለት አባላት ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ከኔ በፊት የገቡት ሁሉ ዲፕሎማ አላቸው።

«ጓድ ታደለች! ብቃትሽን ራስሽ ገምግሚ።»

የሸመደድኩት ነበር፤ ጊዜ አለማክበር ምናምን። አፌ ላይ መጣ። ከዚያ ያ በሬ ታሰበኝና ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆነ። «ዲፕሎማ የለኝም» አልኩ። «ፊት ለፊት ያለ ልጅ ማስተማር እችላለሁ። ፊቴ ለሌለ ልጅ መጻፍ ግን የማልችል ሰው ነበርኩ።» ከዚያ የበሩን ጉድ ከነእፍረቱ አወራሁላቸው። አንደኛው አባል በመሃረብ አፉን ሸፈነ።

ሊቀመንበሩ አልሳቁም። «ስህተትሽን ነው እንደ ብቃት ይዘሽልኝ የመጣሽው?»

«ስህተቱን ያገኘሁበትን መንገድ ነው። አሁን ጽፌ እሞክረዋለሁ፣ የጎደለውን አያለሁ፣ አርመዋለሁ። ሥዕል አልችልም፤ የሚችል ሰው አውቃለሁ። የኦሮምኛ ጽሑፌ ደካማ ነው፣ እማራለሁ።» ምን እንዳደፋፈረኝ እንጃ፣ የታረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ አስተማሪ አይደሉም። ይህን ይዘው ማስተማር ከቻሉ ይቅጠሩኝ።»

ጉድ ፈላ! አሁን ያባርሩኛል ስል፣ ሰውዬው መነጽራቸውን አጠለቁ። አነበቡ። ቀና ብለው ወደ ሁለቱ አባላት ዞሩ። «ዛሬ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ ፀሐይን ያያችኋት በየት በኩል ነው? በእጃችሁ አሳዩኝ!» አሉ፣ በዚያ የሰልፍ ሜዳ ድምፅ። አንደኛው ወዲያው አሳየ። ሌላው ግራ ገብቶት ወደ መዝገብ ቤቱ ጠቆመ። «ጓድ! ፀሐይ ከመዝገብ ቤት ትወጣለች?» ወረቀቱን ገለጡ። «ተማሪው ከተሳሳተ አትንገረው፤ የሚሄድበትን መንገድ አስታውሰው ይላል። ቤትህ የት ነው? ወደዚህ ስትመጣ ፀሐይ ፊትህን መታችህ ወይስ ጀርባህን?» ሰውዬው አሰበ። «ፊቴን... ፊቴን!» አለና እጁን አስተካከለ። ሊቀመንበሩ እንደ ልጅ ፈነደቁ። ተነስተው ቆሙ፤ ሁለቱንም አስነስተው ቀኝ እጅ አስዘረጉ፤ ሰሜን! ደቡብ! እያሉ አዞሯቸው። እኔን ረስተውኛል። ጥግ ላይ ቆሜ አፌን ገጥሜ ነበር፤ የምጨምረው አንድም ነገር አልነበረኝም። «ተመጣጣኝ ልምድ» ብለው ጽፈው ፈረሙልኝ።

ጋሽ ደቻሳ በወሩ ወጡ። እቃቸውን በአንድ ዘንቢል ይዘው ወለንጪቲ ገቡ። የመጀመሪያውን የመምህራን ሥልጠና ስጀምር እንዲመጡ ለመንኳቸው። «እግሬ...» ብለው ሸፋፈኑት። እኔ ግን ይመጣሉ ብዬ አግዳሚያቸውን ወልውዬ ከኋላ አስቀመጥኩላቸው። አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። ሳምንቱ አለቀ። ሆዴ ባባ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወለንጪቲ ወረድኩ፣ ልጣላቸው።

ሚስታቸው እትዬ ጫልቱ በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ። ጋሽ ደቻሳ አጥር ሲጠግኑ ነው ያገኘኋቸው። እግራቸው ምንም አልሆነም።

«ምነው ጋሼ? እንዲህ ይረሱኛል?»

«ሁለት ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ» አሉኝ፣ ሚስማሩን ከአፋቸው እያወጡ። ዓይኔን አላዩኝም። «እዚያ ከተቀመጥኩ ሁላችሁም የኔን ፊት ነው የምታዩት። ያንን ሁሉ ዘመን ሰውን ‹ከሌለህስ› እያልኩ ሳስለቅስ እኔን የጠየቀኝ የለም። ሰው ፊት ባልናገረውም፣ ፈርቼ ነበር ታዱ። እኔ ስወጣ የሚፈርስ ከሆነ፣ ምን ሠራሁ?»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሥልጠናው እንዴት እንደነበር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከወንጂ በኩል የመጡ መምህራን የቆርኪውን መቁጠሪያ በሸንኮራ ቅርፊት እንደሠሩት፣ ሁለት ሰዎች ስለ ወረቀታቸው ተጣልተው ውሃቸውን እርስ በርስ እንደተረጫጩ። ሳቁ። ከዚያ መዶሻቸውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሜን የጠራ ነበረ?» አሉኝ።

ልዋሽላቸው አሰብኩ። አንጀቴን በሉት። ያን ሁሉ ዓመት ላባቸውን ያፈሰሱበት ቤት! ግን እሳቸውን መዋሸት የሚቻል አይደለም።

«አልነበረም» አልኳቸው።

«አንድም ሰው?»

«አንድም። ፋታ አልነበረንም ጋሼ። ሥራ ላይ ነበርን።»

አገጫቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በዚያ ረጅም ቁመታቸው ተነስተው ወደ ቤት ጮኹ። «ጫልቱ! ኧረ ጫልቱ! ነይ ስሚ! አንድም ሰው ስሜን አልጠራም!»

እትዬ ጫልቱ ማማሰያ እንደያዙ ብቅ አሉ። «በስመ አብ! እና ይሄ የሚያስጮህ ነገር ነው? ምነው ይሄ ሰውዬ? ውለታ ቢሶች ናቸው አትልም?»

«ዝም በይ አንቺ፣ አይገባሽም! ለልጅቷ የሚበላ አቅርቢ!» እየሳቁ ነው፣ እንባቸው ግን ጉንጫቸው ላይ ወርዷል፤ መጥረጉንም ረስተውታል። ደስታና ትንሽ መከፋት እንዲያ ተጎራርሰው ያየሁት በዚያ ፊት ላይ ብቻ ነው።

እኔም እንባዬን ዋጥ አድርጌ፣ ደስ እንዲላቸው ብዬ «ለሚቀጥለው ሳምንት ያሰብነው ደግሞ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ!» አሉኝ። ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ። «ተይ ታዱ፣ እንዳትነግሪኝ! ከሰማሁ አፌን ይበላኛል!» ጆሯቸውን እንደደፈኑ፣ እየሳቁ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ።